ሞጁላዊ የአናሎግ ቴሌቪዥን ማሰራጫን የማስተካከልና የመንከባከብ ዝርዝር መመሪያ

የማታ ዜና እየተላለፈ ነጭ ፊደል ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ሲል ድምፁ መንዘር ይጀምራል፤ ፊደሉ ሲነሣ ንዝረቱም አብሮ ይነሣል። ተመልካቹ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይመታል፣ አንቴናውን ያዞራል፣ ጠጋኝ ይጠራል። ጥፋቱ ግን ከቤቱ አይደለም። ተራራው ላይ ያለው ማሰራጫ ነጩን ከልክ በላይ ስለገፋው የምስሉ ተሸካሚ ሞገድ ለቅጽበት ይጠፋል። ቴሌቪዥኑ ድምፁን የሚያወጣው በምስሉና በድምፁ ሞገድ መካከል ካለው ልዩነት ስለሆነ አንደኛው ሲጠፋ ጆሮ የሚበጣ ንዝረት ይፈጠራል። ይህን ለማረም አንድ ማስተካከያ ሩብ ዙር ማዞር ሊበቃ ይችላል። አስቸጋሪው የትኛው ማስተካከያ እንደሆነ ማወቁ ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለሚጠብቁ የጣቢያ ባለሙያዎች ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዘመኑ ማሰራጫዎች በቫኪዩም ቱቦ የሚሠሩ ነበሩ፤ የመጨረሻው ቱቦ ሲሞት ስርጭቱም ይቆማል። ሞጁላዊው ማሰራጫ ግን ጎን ለጎን የተሰለፉ በርካታ የትራንዚስተር ማጉያዎችን ኃይል አንድ ላይ አዋህዶ ስለሚልክ፣ አንዱ ሞጁል ቢሞትም ምስሉ አይጠፋም። ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ሕመሙን ለወራት ደብቆ የመቆየት ባሕርይ አለው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምትከተሉት ቅደም ተከተል በሙሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ እያንዳንዱ ጥፋት በተወለደበት ቦታ ይታረም፤ በኤግዛይተሩ (ቪዲዮውንና ድምፁን ወደ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ቀይሮ ለማጉያዎቹ በሚሰጠው ክፍል) ማረሚያ አይሸፈን።

ለምሳሌ የምወስደው በፓል ቢ (የቀለም ቴሌቪዥን ስርጭት ደረጃ) ሥርዓት በቻናል 5 የሚሠራ፣ አራት ሞጁሎች ያሉት፣ ምስልና ድምፅን በአንድ ላይ የሚያጎላ የ1 ኪሎዋት ማሰራጫ ነው። የቻናሉ ወሰን ከ174 እስከ 181 ሜጋኸርዝ ነው፤ የምስሉ ሞገድ 175.25፣ የድምፁ 180.75 ላይ ይቀመጣል። የእናንተ ቻናል ሌላ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው የ5.5 ሜጋኸርዝ ርቀት ያው ነው።

ምንም ሳትነኩ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ መለካትና መጻፍ ነው። ወደ ፊት የሚሄደውን ኃይል፣ የሚመለሰውን ኃይል፣ የእያንዳንዱን ሞጁል የጅረት መጠንና ሙቀት፣ የኃይል አቅራቢዎቹን ቮልቴጅ፣ የኤግዛይተሩን ማስተካከያዎች አቀማመጥ በሙሉ መዝግቡ። ማሰራጫው በኮምፒውተር የሚስተካከል ከሆነ ያለውን ቅንብር ቅጂ አስቀሩ፤ በዊንዲቨር የሚዞሩ ማስተካከያዎች ካሉት በእያንዳንዱ ራስ ላይ በቀጭን ብዕር ምልክት አድርጉ።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በአንድ ጣቢያ የገጠመኝ ማሰራጫ የሲንክ (የምስሉን መስመሮች የሚያሰልፈው ምልክት) ማረሚያው እስከ ጫፍ ተዞሮ ነበር። ምስሉ ግን ደኅና ይመስል ነበር። ሞጁሎቹን አንድ በአንድ ስንፈትሽ የአንዱ የዕረፍት ጅረት (ምልክት ሳይገባ የሚስበው ጅረት) ከሚገባው በእጅጉ ወርዶ አገኘነው። አስተካክለን መልሰን ስናስገባው ምስሉ ተበላሸ፤ ሲንኩ ከልኩ በላይ ተለጥጦ የማሰራጫው የኃይል መከላከያ ቆረጠ። ቀደም ብሎ የነበረ ሰው የታመመውን ሞጁል ሳያክም ሕመሙን በማረሚያ ሸፍኖት ኖሯል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ሁለት ቀን ሙሉ ባልባከንን ነበር።

ስለ ደኅንነት፦ ሽፋን ከመክፈታችሁ በፊት ዋናውን ማብሪያ አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። የኃይል አቅራቢዎቹ ካፓሲተሮች ካጠፋችሁ በኋላም ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ በሜትር ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ። ማሰራጫው እየሠራ የአንቴና ኮኔክተር አይፈታም፤ የሬዲዮ ሞገድ ቃጠሎ ከቆዳ በታች ይገባል። በአንዳንድ የቆዩ ትራንዚስተሮችና ሎዶች ውስጥ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ዱቄቱ ለሳንባ መርዝ ስለሆነ አትስበሩት፣ አትፋቁት። ብቻችሁን አትሥሩ።

አንደኛ፦ አንቴናውና ፊደሩ

ብዙ ሰው ከኤግዛይተሩ ይጀምራል። እኔ ከሌላኛው ጫፍ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም አንቴናው ኃይል የሚመልስ ከሆነ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ሁሉ የተዛባ ይሆናል። 1,000 ዋት ስትልኩ የሚመለሰው 2.5 ዋት ከሆነ፣ ማለትም የተመላሹ መጠን 26 ዲሲብል ዝቅ ካለ፣ ደስ ሊላችሁ ይገባል። ከዚያ በላይ ሲሆን በምስሉ ላይ ጥላ ይታያል። ርዝመቱ 100 ሜትር በሆነ ፊደር (ከማሰራጫው ወደ አንቴናው በሚሄደው ኬብል) ሞገዱ ደርሶ ለመመለስ 0.76 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሚታየው የምስል መስመር 52 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ፣ ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ጥላው ከዋናው ምስል 7 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ይወድቃል። በቤታችሁ ቴሌቪዥን ላይ በማስመሪያ ልትለኩት ትችላላችሁ።

ተመላሹ ኃይል ዝናብ ሲጥል እየጨመረ ፀሐይ ስትወጣ የሚቀንስ ከሆነ ውኃ የሆነ ቦታ ገብቷል። ፊደሩ ውስጡ አየር ያለው ዓይነት ከሆነ የደረቅ አየር ማቅረቢያውን ፈትሹ፤ ሲሊካ ጄሉ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ተቀይሮ ከሆነ ሥራ አቁሟል ማለት ነው፤ ይድረቅ ወይም ይተካ።

ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ማሰራጫውን ወደ ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት ወደሚለውጠው ተከላካይ) አዙሩት። ቀጣዮቹ ማስተካከያዎች ሁሉ በዳሚ ሎድ ላይ ይሠራሉ።

ሁለተኛ፦ ኤሌክትሪክና አየር

የእያንዳንዱን ኃይል አቅራቢ ቮልቴጅ በባዶና በሙሉ ጭነት ለኩ። በጭነት ጊዜ በኦሲሎስኮፕ ላይ ሞገድ የሚያሳይ አቅራቢ ካፓሲተሮቹ አርጅተዋል፤ በምስሉ ላይ ወደ ላይ የሚንሸራተት አግድም ጥላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

አየርን በተመለከተ ደጋ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ያ አየር የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ተፈትኖ ሲያልፍ አየሩ 15 ዲግሪ የሚሞቅበት ሞጁል እኛ ተራራ ላይ 20 ዲግሪ ያሞቀዋል። ብርዱ አያታልላችሁ። በአምራቹ ሰነድ ላይ ስለ ከፍታ የተጻፈውን ፈልጉና የሙቀት መቁረጫውን በዚያ ልክ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፦ ኤግዛይተሩ ብቻውን

ማጉያዎቹን አጥፉ። የኤግዛይተሩን ማረሚያዎች በሙሉ አልፉ ወይም ዜሮ ላይ አድርጉ። መግቢያው ላይ ያለው ቪዲዮ ከሲንክ ጫፍ እስከ ነጭ 1 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚህ ውስጥ 0.7 ምስል፣ 0.3 ሲንክ ነው። ቪዲዮው ሁለት ቮልት ሆኖ ከታየ የ75 ኦም መዝጊያው ተረስቷል፤ 0.67 ቮልት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተዘግቷል።

ቀጥሎ ድግግሞሹ። በቆጣሪ ስትለኩ የምስሉ ሞገድ ከተመደበለት ከ500 ኸርዝ በላይ መራቅ የለበትም፤ የቆጣሪው ማመሳከሪያ ራሱ ሳይሞቅ አትመኑት።

ከዚያ የመግቢያዬን ንዝረት የሚፈውሰው ማስተካከያ ይመጣል። በዲሞዱሌተሩ (የሚሰራጨውን ሞገድ መልሶ ወደ ቪዲዮ በሚቀይረው የመለኪያ መሣሪያ) ላይ የዜሮ ማመሳከሪያውን አብሩና ውጤቱን በኦሲሎስኮፕ ላይ ተመልከቱ። ከዜሮው መስመር እስከ ሲንኩ ጫፍ ያለውን ርቀት ስምንት ካሬ አድርጉት። ብላንኪንጉ (በመስመሮች መካከል ምስል የሌለበት የጥቁር ደረጃ) ስድስተኛው ካሬ ላይ፣ ነጩ ደግሞ ከዜሮው አንድ ካሬ ለመሙላት ትንሽ ሲቀረው፣ 0.8 ላይ መቆም አለበት። ይህ 100፣ 75 እና 10 በመቶ የሚባለው ነው። ነጩ ከዚህ ወደ ዜሮ ከቀረበ የቴሌቪዥኖቹ ድምፅ መንዘር ይጀምራል። ነጭ ገዳቢውንም አብራችሁ ፈትኑ፤ የቪዲዮውን መጠን አውቃችሁ አንድ አምስተኛ ያህል ጨምሩና ነጩ በቦታው መቆየቱን እዩ።

ድምፁ ከምስሉ የሲንክ ጫፍ ኃይል 10 ዲሲብል ዝቅ ይላል፤ ለ1,000 ዋት ምስል 100 ዋት ድምፅ ማለት ነው። የድምፁ ማወዛወዝ ከ50 ኪሎኸርዝ አይለፍ።

አራተኛ፦ ሞጁሎቹ አንድ በአንድ

እያንዳንዱን ሞጁል ለብቻው ያለ ምልክት አብሩት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። ከዚያ የእያንዳንዱን ትራንዚስተር የዕረፍት ጅረት ከሞጁሉ የሙከራ ወረቀት ጋር አስተያዩ። የዕረፍት ጅረት በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል፤ ሲወርድ ጥቁሩና ሲንኩ ሳይሆን ነጩ አካባቢ ያለው ምስል ይጎዳል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥርዓት ነጭ ማለት አነስተኛው ኃይል ነው። በሞጁሉ ውስጥ ጥንድ ትራንዚስተሮች ካሉና አንደኛው ጅረት የማይስብ ከሆነ ያ ትራንዚስተር ሞቷል።

ሁሉም ሞጁሎች አንድ ዓይነት ምልክት ሲሰጣቸው የሚያወጡት ኃይል በግማሽ ዲሲብል ውስጥ እንዲቀራረብ አድርጉ። ደካማው ሞጁል የትኛው እንደሆነ ስታገኙ ቦታውን ከጎረቤቱ ጋር ለውጡት። ድካሙ ሞጁሉን ተከትሎ ከሄደ ሞጁሉ ነው፤ እዚያው ቦታ ከቀረ ስፕሊተሩ (ምልክቱን ለሞጁሎቹ የሚያከፋፍለው)፣ ኬብሉ ወይም ኮኔክተሩ ነው። ከዚህ ቀላል ፈተና በፊት ምንም ዕቃ አትዘዙ።

አምስተኛ፦ ማዋሃድ

ሞጁላዊ ማሰራጫን ሞጁላዊ የሚያደርገው ይህ ክፍል ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ኮምባይነሩ ከሞጁሎቹ የሚመጣውን ኃይል የሚደምረው ሞገዶቹ በእኩል መጠንና በእኩል እርከን (ጫፎቻቸው በአንድ ጊዜ ሲደርሱ) ሲገናኙ ብቻ ነው። የማይጣጣመው ትርፍ ሪጀክት ሎድ ወደሚባለው ተከላካይ ሄዶ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ የሪጀክት ሎዱ ሙቀት የማሰራጫችሁ ትርታ ነው።

በሁለት ማጉያዎች መካከል 1 ዲሲብል የመጠን ልዩነት ቢኖር የሚጠፋው ኃይል ከግማሽ በመቶ በታች ነው። የእርከን ልዩነቱ 10 ዲግሪ ሲሆን ከ1 በመቶ በታች፣ 30 ዲግሪ ሲሆን 7 በመቶ ያህል፣ 60 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ሩቡ ይጠፋል። ስለዚህ ልፋታችሁን ከመጠኑ ይልቅ እርከኑ ላይ አውሉት። የተበላሸ ኬብል ስትቀይሩም ርዝመቱን በጥንቃቄ ለኩ፦ በቴፍሎን ኬብል 1 ሴንቲ ሜትር በቻናል 5 ላይ 3 ዲግሪ ያህል፣ በ600 ሜጋኸርዝ አካባቢ ግን 10 ዲግሪ ያህል ነው። «ትንሽ ይርዘም፣ አይጎዳም» ብሎ የተሠራ ኬብል ሪጀክት ሎድ ሲያነድ አይቻለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሩብ ኃይል ጀምሩ። ሞጁል አንድን ማመሳከሪያ አድርጉትና አትንኩት። ከእርሱ ጋር የሚዋሃደውን ሞጁል እርከን እያዞራችሁ የሪጀክት ሎዱን ንባብ ተመልከቱ፤ ይወርድ ይወርድና መልሶ መውጣት ይጀምራል። ዝቅተኛው ነጥብ ላይ አቁሙ። አሁን መጠኑን በጥቂቱ አስተካክሉ፤ ንባቡ አሁንም ይወርዳል። ወደ እርከኑ አንድ ጊዜ ተመለሱ። ሁለተኛውን ጥንድ እንዲሁ አድርጉ፤ በመጨረሻም ሁለቱን ጥንዶች እርስ በርስ። ከዚያ ወደ ሙሉ ኃይል ውጡና ንባቡን እንደገና እዩ፤ ሞጁሎቹ ሲሞቁ እርከናቸው ትንሽ ይንሸራተታል።

አንድ ሞጁል ሲሞት ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ እወቁ። ከአራቱ ሦስት ሲቀሩ ኃይሉ ሦስት አራተኛ ይሆናል ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ ሦስት አራተኛ በሦስት አራተኛ ተባዝቶ 56 በመቶ ብቻ ወደ አንቴናው ይደርሳል፤ 19 በመቶ ያህሉን ሪጀክት ሎዶቹ ይበሉታል። ከስምንት አንድ ሲሞት 77 በመቶ ያህል፣ ከሁለት አንድ ሲሞት ግን 25 በመቶ ይቀራል። አውቶማቲክ የኃይል መቆጣጠሪያው ይህን ጉድለት ለመሙላት ሦስቱን ጤነኞች እንዳይገፋቸው ጣሪያ አብጁለት። 56 በመቶ ማለት 2.5 ዲሲብል መቀነስ ስለሆነ አብዛኛው ተመልካች ለውጡን አያስተውልም፤ የተገፉት ሞጁሎች ግን ያስተውሉታል።

ስድስተኛ፦ ኃይሉን በትክክል መለካት

የማሰራጫው የፊት ሜትር የሚያሳየው የሲንክ ጫፍ ኃይልን ነው፤ የሙቀት ዋትሜትር ደግሞ አማካዩን። ሁለቱን ለማገናኘት ድምፁን አጥፉና ጥቁር ምስል ከሲንክ ጋር ላኩ። የሲንኩ 4.7 ማይክሮሰከንድ ከመስመሩ 64 ማይክሮሰከንድ 7.3 በመቶ ነው፤ በዚያ ጊዜ ኃይሉ ሙሉ ነው። በቀረው ጊዜ ቮልቴጁ 75 በመቶ ስለሆነ ኃይሉ 56 በመቶ ነው። ሲደመር አማካዩ 59.5 በመቶ ይሆናል። ዋትሜትሩ 595 ዋት ሲያነብ የፊት ሜትሩን 1,000 ላይ አስተካክሉት። የብላንኪንጉ ደረጃ ቀድሞ ካልተስተካከለ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ሦስተኛውን ደረጃ የዘለለ ሰው እዚህ ይያዛል።

ሰባተኛ፦ ማረሚያዎቹ

አሁን፣ ከዚህ በፊት ሳይሆን፣ ወደ ማረሚያዎቹ መሄድ ትችላላችሁ። ማጉያዎቹ የሚፈጥሩትን መዛባት የምትለኩት ከውጪው ፊልተር በፊት ካለው ካፕለር (ጥቂት ናሙና ከሚቀዳበት መውጫ) ነው፤ ፊልተሩ የሚፈጥረውን የጊዜ መዘግየት ደግሞ ከፊልተሩ በኋላ። ሁለቱን ካደባለቃችሁ አንዱን ስታርሙ ሌላውን ታበላሻላችሁ።

በመጀመሪያ ሲንኩን ወደ ልኩ መልሱ። ቀጥሎ በሙከራ መስመር 17 ላይ ያሉት አምስቱ የብርሃን ደረጃዎች እኩል ቁመት እንዲኖራቸው አድርጉ። ከዚያ በመስመር 330 ላይ፣ የቀለም ሞገድ በተጫነባቸው ደረጃዎች፣ የቀለሙ መጠንና እርከን በጥቁሩም በነጩም እኩል መሆኑን እዩ። በመጨረሻ ወደ ስፔክትረም አናላይዘር ሂዱ፦ የምስል ሞገድ 8፣ የጎን ሞገድ 16፣ የድምፅ ሞገድ 10 ዲሲብል ከሲንክ ጫፍ ዝቅ ብለው ሲላኩ፣ በቻናል 5 ላይ 176.32 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያልላካችሁት ጉብታ ይወጣል። ይህ በድምፁና በቀለሙ መካከል ያለው የ1.07 ሜጋኸርዝ ልዩነት ነው፤ በምስል ላይ የሚርመሰመስ ስስ መረብ ሆኖ ይታያል። 54 ዲሲብልና ከዚያ በላይ ዝቅ እስኪል ድረስ አርሙት። አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ዙሩን ሁለት ጊዜ ድገሙት። ማረሚያው ወደ ጫፉ ከተጠጋ አቁሙና ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ፤ የሆነ ሞጁል እየደበቃችሁ ነው።

የጊዜ መዘግየትን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። በፓል ቢ ማሰራጫው የቀለሙን አካባቢ 170 ናኖሰከንድ አስቀድሞ እንዲልክ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የቤት ቴሌቪዥኖች የሚያዘገዩትን ለማካካስ። ይህን እንደ ጥፋት ቆጥራችሁ አታስተካክሉት።

ስምንተኛ፦ መከላከያዎቹ

የተመላሽ ኃይል፣ የሙቀት፣ የጅረት መቁረጫዎችን አንድ በአንድ በእውነት እንዲቆርጡ አድርጋችሁ ፈትኑ። ከዚያ ወደ አንቴናው ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ንባቦች እንደገና መዝግቡ።

እንክብካቤው

በየሳምንቱ የምትጽፉት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደውን ኃይል፣ የእያንዳንዱን ሞጁል ጅረትና ሙቀት፣ የሪጀክት ሎዶቹን ንባብ ነው። ቁጥሩ በራሱ ብዙ አይናገርም፤ ካለፈው ወር ጋር ስታስተያዩት ግን ይናገራል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ኮኔክተሮቹን ማየትም ልማድ ይሁን፤ ከጎረቤቶቹ በተለየ የሚሞቅ ኮኔክተር ላልቷል ወይም ተቃጥሏል።

በበጋ አቧራው የአየር ማጣሪያውን በሁለት ሳምንት ሊደፍነው ይችላል፤ ቀን ቆጥራችሁ ሳይሆን በማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን የአየር ግፊት ልዩነት አይታችሁ እጠቡት፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ አትመልሱት። የመሬት ማያያዣውን ተከላካይነትም በበጋ ለኩ፤ አፈሩ ሲደርቅ ነው ትክክለኛ ድክመቱ የሚታየው። ክረምት ሳይገባ የማማውን፣ የፊደሩንና የማሰራጫ ክፍሉን የመሬት ሽቦዎች ብሎኖች አጥብቁ፣ ዝገታቸውን ፋቁ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ማሰራጫው እንዲዘገይ ማድረግ ብዙ ኃይል አቅራቢዎችን ከሞት ያተርፋል።

የመለዋወጫ ሞጁሉን ደግሞ መደርደሪያ ላይ አታስረጁት። በየስድስት ወሩ ከሚሠሩት አንዱን አውጥታችሁ እርሱን አስገቡ፣ እርከኑንና መጠኑን አስተካክሉ፣ የወጣውን አጽድታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ በየትኛው ቦታ ይሠራ እንደነበርና የዕረፍት ጅረቱን በወረቀት ጽፋችሁ ላዩ ላይ ለጥፉ።